ከሰል ወይስ ኒውክሌር? የኃይል ማመንጫን በገንዘብ ዓይን መምረጥ

በአንዲት ትንሽ ከተማ ወፍጮ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። የናፍጣ ሞተር ቢገዛ በሳምንቱ ሥራ ይጀምራል፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ በርሜል ይዞ ማደያ ይሰለፋል። የኤሌክትሪክ ሞተር ቢመርጥ ለትራንስፎርመሩና ለመስመሩ አስቀድሞ ብዙ ያወጣል፣ ወራትም ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን የየዕለቱ ወጪ ይቀልለታል። የትኛው ያዋጣዋል? ናፍጣ በሊትር ስንት እንደሆነ ማወቅ ብቻውን መልስ አይሰጥም። ብድሩን በስንት ወለድ አገኘ? መስመሩ በሦስት ወር ይገባለታል ወይስ በሦስት ዓመት? በቀን ስንት ኩንታል ይፈጫል?

የድንጋይ ከሰልንና የኒውክሌርን ማመንጫ ማወዳደርም ያው ነው፤ ገንዘቡ በቢሊዮን ዶላር ይቆጠራል እንጂ። ጉዳዩ ለእኛም የሩቅ ወሬ መሆኑ ቀርቷል። ኢትዮጵያና ሩሲያ በመስከረም 2025 በሞስኮ የኒውክሌር ማመንጫ ግንባታን የሚመለከት የድርጊት መርሐ ግብር ተፈራርመዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ «ኒውክሌር እኮ ርካሽ ነው» የሚልም፣ «ከሰል እያለ ምን አስጨነቀን» የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም አባባሎች ጅራታቸው ተቆርጧል። ርካሽ የሚሆነው ለማን፣ በማን ገንዘብና በስንት ዓመት ውስጥ እንደሆነ አይነገርባቸውም።

ሁለቱም ውኃ ያፈላሉ

ከቴክኒኩ እንጀምርና ቶሎ እንለፈው። በሁለቱም ጣቢያዎች ውኃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞራል፣ ተርባይኑ ጀነሬተሩን ያንቀሳቅሳል። የሚለያዩት በእሳቱ ነው። 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የከሰል ጣቢያ ጥሩ ከሰል አግኝቶ ሌት ተቀን ቢሠራ በቀን ከ8 እስከ 9 ሺህ ቶን ያነዳል። 40 ቶን በሚጭን ተሳቢ መኪና ቢታሰብ በየቀኑ ከ200 መኪና በላይ ማለት ነው። የከሰል ጣቢያዎች ከማዕድኑ ደጃፍ፣ ከባቡር ሐዲድ ወይም ከወደብ የማይርቁት ለዚህ ነው። ተመሳሳይ አቅም ያለው የኒውክሌር ጣቢያ ግን በዓመት ከ25 እስከ 30 ቶን የበለጸገ ነዳጅ ይበቃዋል። ማብላያው፣ ማለትም አቶሙ እየተሰነጠቀ ሙቀቱ የሚመነጭበት ክፍል፣ ነዳጅ የሚቀየርለትም በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ አንዴ ነው።

ይህ ልዩነት የወጪውን አቀማመጥ ይገለብጠዋል። ከሰል ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው፤ ጣቢያው በርካሽ ይሠራል፣ ነዳጁ ግን በየቀኑ ይበላል። በኒውክሌር ዋናው ወጪ ኮንክሪቱ፣ ብረቱ፣ ፍተሻውና ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ የሚቆጥረው ወለድ ነው። ዩራኒየሙ ራሱ ከጠቅላላው ዋጋ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ የዓለም ገበያ ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ የኤሌክትሪኩ ዋጋ በመቶኛ ከ5 እስከ 10 ቢጨምር ነው።

ወረቀትና እርሳስ

ከመፈክር ስሌት ይሻላል። ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ለምሳሌ የመረጥኳቸው ናቸው፤ የአንድም ጣቢያ ሂሳብ አይደሉም፤ ከገሃዱ ዓለም ግን አይርቁም።

1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኒውክሌር ጣቢያ የግንባታ ጊዜ ወለዱን ጨምሮ 5 ቢሊዮን ዶላር፣ እኩያው የከሰል ጣቢያ 2 ቢሊዮን ዶላር ፈጀ እንበል። ሁለቱም ዕዳቸውን በ30 ዓመት ይከፍላሉ። ኒውክሌሩ ከአቅሙ 90 በመቶ፣ ከሰሉ 80 በመቶ ያመርታል። ኒውክሌሩ ለነዳጅና ለሥራ ማስኬጃ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ያወጣል። ከሰሉ ለሥራ ማስኬጃ 1 ሳንቲም፣ ለነዳጅ ደግሞ የአንድ ቶን ከሰል ዋጋ 100 ዶላር ከሆነ 3.6 ሳንቲም ያወጣል።

ብድሩ በ4 በመቶ ወለድ ከተገኘ ሁለቱም በኪሎ ዋት ሰዓት 6.2 ሳንቲም አካባቢ ይደርሳሉ። እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ነው። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንቀይር፤ ወለዱን ወደ 10 በመቶ እናድርሰው። ኒውክሌሩ 9.2 ሳንቲም ሲሆን ከሰሉ 7.6 ላይ ይቆማል። ወለዱን ወደ 4 መልሰን የከሰሉን ዋጋ በቶን 200 ዶላር ብናደርገው ደግሞ ከሰሉ ወደ 9.9 ይዘላል፣ ኒውክሌሩ ከቦታው አይነቃነቅም። መንግሥት በአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 50 ዶላር የሚያስከፍል ሕግ ቢያወጣ በከሰሉ ላይ ከ4 ሳንቲም በላይ ይታከላል። በመጨረሻም የኒውክሌሩ ግንባታ 5 ቢሊዮን የተባለው 15 ቢሊዮን ሆኖ ቢያርፍ፣ ርካሽ በተባለው የ4 በመቶ ወለድ እንኳ 13.5 ሳንቲም ይገባል። ያኔ ማንም ከሰልን አያሸንፍበትም።

መዘግየት ምን ያህል እንደሚበላ ለማየት ሌላ ትንሽ ስሌት እንጨምር። 10 ቢሊዮን ዶላር በ8 በመቶ ወለድ እየተበደሩ በየዓመቱ እኩል እኩል ቢያወጡ፣ ግንባታው በአምስት ዓመት ካለቀ ዕዳው በምረቃው ቀን 12.2 ቢሊዮን ይሆናል። ያው ሥራ አሥር ዓመት ከፈጀ፣ አንዲት ብሎን ሳትጨመር፣ 15 ቢሊዮን ይደርሳል። ወለዱ 4 በመቶ ቢሆን ግን የአሥር ዓመቱ ዕዳ 12.2 ቢሊዮን ብቻ ነው። የአራት በመቶ ነጥብ የወለድ ልዩነት አምስት ዓመት ሙሉ መዘግየትን ይሸከማል ማለት ነው። ኒውክሌርን የሚያስብ ሁሉ ይህን ቁጥር በኪሱ ይዞ ቢዞር አይጎዳም።

የጆርጂያው ሂሳብ

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ከኦገስታ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በሳቫና ወንዝ ዳር፣ ቮግትል የሚባል የኒውክሌር ጣቢያ አለ። በነባሮቹ ሁለት ማብላያዎች ላይ ሦስተኛና አራተኛ ለመጨመር ሲወሰን ወጪው 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ የሚጠናቀቁትም በ2016ና በ2017 ነው ተባለ። ሦስተኛው ለገበያ ማመንጨት የጀመረው በሐምሌ 2023፣ አራተኛው በሚያዝያ 2024 ነው። ወጪው ከ30 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። በመሐሉ፣ በ2017፣ የማብላያዎቹ ንድፍ ባለቤት የሆነው ዌስቲንግሃውስ ከኪሳራ የሕግ ከለላ ጠይቋል።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። የንድፉ ዝርዝር ሳያልቅ ግንባታው ተጀመረ። በፋብሪካ ተገጣጥመው እንዲመጡ የታሰቡት ግዙፍ ክፍሎች ጥራታቸው እየጎደለ መታረም ነበረባቸው። አሜሪካ ለአሥርተ ዓመታት አዲስ ጣቢያ ከመሠረቱ ጀምራ ስላላጠናቀቀች ብየዳውን፣ ፍተሻውንና ሰነዱን በልምድ የሚያውቀው ባለሙያ ጡረታ ወጥቶ ነበር። እኔ ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው እላለሁ፤ ገንዘብ ይበደሩታል፣ ልምድን ግን የሚያበድር ባንክ የለም።

የከፈለውስ ማን ነው? በ2009 የወጣ የግዛቱ ሕግ ጣቢያውን የሚያስገነባው የመብራት ኩባንያ የግንባታውን የወለድና የፋይናንስ ወጪ ገና ከጅምሩ ከደንበኞች እንዲሰበስብ ፈቀደ፤ ከ2011 ጀምሮ በየወሩ የመብራት ሂሳብ ላይ ታከለ። በአትላንታ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የኩባንያው ደንበኞችም አንዲት አምፖል ላላበራ ጣቢያ ከአሥር ዓመት በላይ ሲከፍሉ ኖረዋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። የደቡብ ካሮላይና ሰዎች ደግሞ የባሰ ገጠማቸው፤ ተመሳሳይ ሁለት ማብላያዎች 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከዋጡ በኋላ በ2017 ግንባታቸው ተቋርጦ ቀረ።

ይህን ሰምቶ ወደ ከሰል የሚሮጥ ሰው ግን ትንሽ ይታገሥ። ቮግትልን ያስገነባው የጆርጂያው ኩባንያ እናት ድርጅት ሳውዘርን ካምፓኒ በሚሲሲፒ ግዛት፣ በኬምፐር፣ «ንጹሕ ከሰል» የተባለ ጣቢያ አቁሞ ነበር። ከሰሉን ወደ ጋዝ ቀይሮ ካርቦኑን ለማስቀረት የታሰበው ይህ ጣቢያ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በታች ይፈጃል ተብሎ 7.5 ቢሊዮን ገደማ ወጣበት። በ2017 የከሰሉ ነገር ተትቶ በተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠራ ተወሰነ፤ በ2021 የከሰሉ ክፍል በፈንጂ ፈረሰ። በደቡብ አፍሪካም ሜዱፒ የተባለው 4,800 ሜጋ ዋት የከሰል ጣቢያ በ2007 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ2021 ነው። መጠናቀቁ በተበሠረ በቀናት ውስጥ የአንደኛው ክፍል ጀነሬተር ፈነዳ። ከሰል ርካሽ የሚሆነው ተራ፣ የተለመደ፣ ብዙ ጊዜ የተገነባ ጣቢያ ሲሆን ነው። አዲስ ነገር ሲታከልበት እሱም እንደ ኒውክሌሩ ያስለቅሳል።

ደቡብ አፍሪካን ካነሳን አይቀር፣ የአፍሪካ ብቸኛ በሥራ ላይ ያለ የኒውክሌር ማመንጫ ኩበርግ ለምን ኬፕታውን አጠገብ እንደተሠራ መጠየቅ ጥሩ ነው። የአገሪቱ ከሰል በብዛት ያለው በምሥራቁ ጫፍ፣ በምፑማላንጋ ነው። ማዕድኑ ደጃፍ ላይ የከሰል ጣቢያ ያዋጣል፤ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ግን የባቡር ጭነቱ ትርፉን ይበላዋል። ያው አገር፣ ያው ኩባንያ፣ በቦታ ርቀት ብቻ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጠ።

ኤሚሬትስ ሁለቱንም ገዝታ ነበር

ለንጽጽር የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስን የመሰለ አገር ማግኘት ያስቸግራል። በአንድ ዘመን፣ በአንድ የባሕር ዳርቻ፣ አቡዳቢ ኒውክሌር፣ ዱባይ ከሰል ገዙ። በሁለቱ ከተሞች ተሠማርተው የሚሠሩ ወገኖቻችን በየክፍላቸው የሚያስነሱት የአየር ማቀዝቀዣ የሁለቱ ውሳኔዎች ደንበኛ ነው።

አቡዳቢ በታኅሣሥ 2009 ከደቡብ ኮሪያው የመብራት ኩባንያ ኬፕኮ ጋር በ20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተዋዋለች፤ ፈረንሳዮችና አሜሪካውያን ተወዳድረው ተሸንፈዋል። ባራካ በተባለው በረሃማ ዳርቻ እያንዳንዳቸው 1,400 ሜጋ ዋት ገደማ የሆኑ አራት ማብላያዎች ተተከሉ። ግንባታው በ2012 ተጀመረ፤ የመጀመሪያው በ2017 ይደርሳል ተብሎ በ2021፣ አራተኛው በመስከረም 2024 የንግድ ሥራ ጀመሩ። ስለዚህ መዘግየቱ እዚህም አልቀረም። ያም ሆኖ ጣቢያው ዛሬ ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ ፍላጎት አንድ አራተኛውን ይሸፍናል።

ከቮግትል በምን ተሻለ? ኮሪያውያን በአገራቸው ጣቢያ ከጣቢያ ሳያቋርጡ ሲገነቡ የኖሩ ናቸው፤ ያው ቡድን ያንኑ ንድፍ አራት ጊዜ በአንድ ቦታ ደገመው። በአራተኛው ላይ የብረት ሠራተኛው የት እንደሚቆም ያውቀዋል። ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። በ2016 ይፋ በሆነው የ24.4 ቢሊዮን ዶላር የፋይናንስ ዕቅድ ውስጥ 16.2 ቢሊዮኑ ከአቡዳቢ መንግሥት የተገኘ ብድር ነው። አበዳሪውም ገዢውም አንድ ቤት ሲሆኑ ወለድ አያንገበግብም።

ዱባይስ? በ2015 ሐሲያን ላይ የከሰል ጣቢያ ለመገንባት ጨረታ ተካሄደ፤ የሳዑዲው አክዋ ፓወርና የቻይናው ሃርቢን ኤሌክትሪክ በኪሎ ዋት ሰዓት 4.501 ሳንቲም ተስማምተው አሸነፉ። አቅሙ 2,400 ሜጋ ዋት ነው። ዋጋው በዚያን ጊዜ እጅግ ማራኪ ነበር። ነገር ግን ከሰሉ በሙሉ ከውጭ በመርከብ የሚመጣ ነው። ጣቢያው እየተገነባ ሳለ እዚያው ዱባይ ለፀሐይ ኃይል የሚቀርበው ዋጋ በ2016 ወደ 2.99፣ በ2019 ደግሞ ወደ 1.7 ሳንቲም ወረደ። በየካቲት 2022 ሐሲያን ከሰልን ትቶ በተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠራ መቀየሩ ተነገረ። አዲስ የከሰል ጣቢያ ዕድሜው 40 ዓመት ነው ይባላል፤ የዚህኛው ከሰልነት ግን ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ።

ኤል ሲ ያልተከፈተለት ማመንጫ

ለእንደ እኛ ዓይነቱ አገር ከኤሚሬትስ ይልቅ ባንግላዴሽ የቀረበች ጎረቤት ናት፤ በካርታ ሳይሆን በኪስ። እሷም ሁለቱንም ገዝታለች። ፓይራ የተባለው 1,320 ሜጋ ዋት የከሰል ጣቢያ ከቻይና ኩባንያ ጋር በሽርክና ተገንብቶ በመጋቢት 2022 ተመረቀ። ከሰሉ የሚመጣው ከኢንዶኔዥያ ነው። በሰኔ 2023 አገሪቱ ዶላር አጥሯት የከሰሉ ውዝፍ ዕዳ ሳይከፈል ሲቀር ጣቢያው ለሳምንታት ቆመ፤ ሕዝቡ በከባድ ሙቀት መሐል ጨለማ ወረደበት። በዚያው ዓመት ጥር ላይም ራምፓል የተባለ ሌላ አዲስ ጣቢያ ለከሰሉ ኤል ሲ (ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) መክፈት ስላልተቻለ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶት ነበር። የመለዋወጫ ዕቃ ለማስመጣት ባንክ ደጅ የጠና ነጋዴ ይህን ታሪክ ማብራሪያ ሳይፈልግ ይረዳዋል።

የዓለም ገበያም ምሕረት አያውቅም። ለእስያ ገበያ መለኪያ የሆነው የአውስትራሊያው ኒውካስል ከሰል በ2020 በቶን 50 ዶላር አካባቢ ወርዶ ነበር፤ በ2022 ከ400 ዶላር አለፈ። በስሌታችን ብናስገባው የነዳጁ ወጪ ብቻ በኪሎ ዋት ሰዓት ከ1.8 ሳንቲም ወደ 14.4 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። ያንን ተሸክሞ መብራት በድሮ ዋጋ የሚሸጥ የመንግሥት ድርጅት በጀቱ ላይ ቀዳዳ ይከፍታል።

ባንግላዴሽ በሩፑር ከሩሲያ ጋር የጀመረችው 2,400 ሜጋ ዋት የኒውክሌር ጣቢያ 12.65 ቢሊዮን ዶላር የተያዘለት ሲሆን 90 በመቶው የሩሲያ ብድር ነው። እዚህ ነዳጅ በየሳምንቱ በመርከብ አይጠበቅም። ሆኖም ከምንዛሪ ችግር ነጻ ናት ማለት አይደለም። የከሰሉ ዕዳ በየወሩ በር ያንኳኳል፤ የኒውክሌሩ ዕዳ ቀኑን ቆጥሮ ለአሥርተ ዓመታት ይመጣል። ከሰሉ ሲጠፋ ጣቢያው ይቆማል፣ ትልቁ የነዳጅ ወጪውም አብሮ ይቆማል። የኒውክሌር ብድር ግን ጣቢያው ቢሠራም ባይሠራም ይከፈላል።

አበዳሪው ፊቱን ወዴት አዞረ?

ብዙ ንጽጽሮች የሚዘሉት ነገር ይህ ነው። የዓለም ባንክ በ2010 ለደቡብ አፍሪካው የመንግሥት መብራት ድርጅት ኤስኮም ያበደረው 3.75 ቢሊዮን ዶላር አብዛኛው ለሜዱፒ ነበር። ከ2013 ወዲህ ባንኩ ከሰልን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር አይደግፍም። በመስከረም 2021 ቻይና ከአገሯ ውጭ አዲስ የከሰል ጣቢያ እንደማትገነባ አስታወቀች፤ እሷ ለታዳጊ አገሮች የከሰል ግንባታ ዋነኛ ገንዘብ ምንጭ ነበረች። በሰኔ 2025 ደግሞ የዓለም ባንክ በኒውክሌር ላይ ለረጅም ጊዜ ያቆየውን ክልከላ አነሳ። ስለዚህ የከሰል ጣቢያ በወረቀት ላይ ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ብድሩ የሚገኘው በውድ ወለድ ወይም ጨርሶ የማይገኝ ሊሆን ይችላል። የዛሬ ሃያ ዓመት ሚዛኑ ተቃራኒ ነበር።

አመድና ቆሻሻ

ሁለቱም በዋጋ ዝርዝራቸው ላይ የማይጽፉት ዕዳ አላቸው። በታኅሣሥ 2008 በቴነሲ ግዛት ኪንግስተን የከሰል ጣቢያ የአመድ ግድቡ ተደርምሶ ከ4 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ዝቃጭ በወንዙና በቤቶች ላይ ፈሰሰ፤ ጽዳቱ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። ይህ የሚታየው ነው። በጭስ ማውጫው በየቀኑ የሚወጣው ብናኝ በሐኪም ቤት ሂሳብ ይከፈላል፤ ሂሳቡ የሚላከውም ለማመንጫው አይደለም።

ኒውክሌር ቆሻሻው በመጠን ትንሽ፣ በዕድሜ ግን ረጅም ነው። አሜሪካ እስከ 2014 ድረስ ከጣቢያዎቹ በኪሎ ዋት ሰዓት አንድ አሥረኛ ሳንቲም እየሰበሰበች ቢሊዮኖች አጠራቅማ የመቃብር ቦታ ግን እስካሁን አላዘጋጀችም፤ መንግሥት ቃሉን ባለመጠበቁ ለኩባንያዎቹ ካሳ ይከፍላል። ፊንላንድ በአንጻሩ ከመሬት በታች ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ማከማቻ ቆፍራለች። በ2011 በጃፓን ስለደረሰው የፉኩሺማ የኒውክሌር አደጋም አለመናገር አይቻልም። የጃፓን መንግሥት በ2016 መጨረሻ ላይ ያወጣው የወጪ ግምት ወደ 21.5 ትሪሊዮን የን ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን አደጋ ሙሉ በሙሉ የሚሸከም የግል ኢንሹራንስ የለም፤ የመጨረሻው ዋስ መንግሥት ነው። የአደጋው ዕድል እጅግ ትንሽ ነው፤ ግን ለትንሽ አገር አንዴም ብዙ ነው።

ስንት ሰዓት ይሠራል? መስመሩስ ይችለዋል?

የኒውክሌር ጣቢያ ቆሞ መዋል አይችልበትም። ዋና ወጪው ቋሚ ስለሆነ ግማሽ ጊዜ ብቻ ቢሠራ የእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የግንባታ ድርሻ እጥፍ ይሆናል። የአሜሪካ የኒውክሌር ጣቢያዎች በአማካይ ከአቅማቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚያመርቱት ለዚህ ነው፤ የአገሪቱ የከሰል ጣቢያዎች ግን ርካሽ ጋዝ ገበያውን ስለወሰደባቸው ከ50 በመቶ በታች ወርደዋል። ብቻ በሙሉ አቅም መሥራት እንኳ ሁልጊዜ አያድንም። ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ በ1979 ከደረሰው አደጋ የተረፈውን ማብላያ በ2019 የዘጋው አደጋ ሳይሆን ኪሳራ ነበር፤ በ2024 ማይክሮሶፍት ለ20 ዓመት ኤሌክትሪኩን ለመግዛት ሲስማማ እንደገና ሊነሳ ተወሰነ።

የመስመሩ ስፋት ሌላ ጉዳይ ነው። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መነሻ፣ አንድ የማመንጫ ክፍል ከጠቅላላው የመረብ አቅም ከአንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ነው። ድንገት ሲጠፋ መረቡን ይዞት እንዳይወድቅ ነው። 1,200 ሜጋ ዋት ማብላያ እንግዲህ 12,000 ሜጋ ዋት ገደማ የሆነ መረብ ይፈልጋል። የሕዳሴው ግድብ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ቢሆንም ለ13 ተርባይኖች የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ቢቆም አሥራ ሁለቱ ይቀራሉ። ከሰል በዚህ በኩል ይመቻል፣ በ150ም በ300ም ሜጋ ዋት ይገኛል። «ታዲያ ትናንሽ ማብላያዎችስ?» ቢሉ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ገና ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለአሜሪካ ዩታ ግዛት የመብራት ድርጅቶች በአይዳሆ ግዛት ለታቀደው የኑስኬል ኩባንያ ትናንሽ ማብላያዎች ፕሮጀክት የታሰበው ዋጋ በሜጋ ዋት ሰዓት ከ58 ዶላር ወደ 89 ዶላር ካሻቀበ በኋላ በኅዳር 2023 ተሰርዟል።

እንግዲህ የትኛው?

ያለ ማድበስበስ ልናገር። ከሰሉን ከባሕር ማዶ የሚያስመጣ አዲስ የከሰል ጣቢያ ለማንኛውም ዶላር ለሚያጥረው አገር መጥፎ ግዢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሐሲያንና ፓይራ በቂ ምስክር ናቸው። ጥሩ ከሰል ደጃፉ ላይ ያለው፣ መረቡ ጠባብ የሆነ፣ ብድርም የሚያገኝ አገር ቢመርጠው ይገባኛል። አገር በቀል ከሰል ግን ስሙ ብቻ አይበቃም፤ እርጥበቱና አመዱ የበዛ ከሰል በቶን ርካሽ ቢሆንም በሙቀት መጠኑ ሲለካ ውድ ሊሆን ይችላል። ቶኑን ሳይሆን ሙቀቱን ግዙ ይላሉ የሲሚንቶ ፋብሪካ ሰዎች።

ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰ የኒውክሌር ጣቢያን ያለ በቂ ምክንያት መዝጋት ደግሞ ከሁሉም የባሰ ብክነት ይመስለኛል፤ ውድ የሆነው ነገር ተከፍሎ አልቋል፣ የቀረው ርካሹ ነው። አዲስ ኒውክሌር የሚያዋጣው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገኙ ነው፦ ከ4 በመቶ ብዙም የማይርቅ ወለድ፣ ያንኑ ንድፍ በቅርቡ ሠርቶ የጨረሰ ቡድን፣ ሌት ተቀን የሚመረተውን ሁሉ የሚወስድ መረብ። አንዱ ከጎደለ የቮግትል መንገድ ነው። ሁለቱ ከጎደሉ ደቡብ ካሮላይና።

ግብፅ በኤል ዳባ አራት የ1,200 ሜጋ ዋት ማብላያዎችን ለማስገንባት ከሩሲያ የወሰደችው ብድር 25 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን ወለዱ 3 በመቶ ነው፤ ከወጪው 85 በመቶውን ይሸፍናል። ወለዱ በእውነት ለጋስ ነው። ነገር ግን በ2015 የተፈረመው ውል ክፍያው የሚጀመረው ጣቢያው ሲያበራ ነው አላለም፤ ጥቅምት 2029 ብሎ ቀን ቆረጠ። የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው በሐምሌ 2022 ነበር። የኢትዮጵያ ውል አንድ ቀን ለሕዝብ ይፋ ከሆነ ሜጋ ዋቱን ከማንበቤ በፊት የምፈልገው ያንን አንቀጽ ነው፤ ክፍያው የሚጀምረው በቀን መቁጠሪያ ነው ወይስ በተርባይኑ መዞር?